ከአፋፉ የሚታየው መስክ

ገበየሁ የድንኳን ቦታ ምረጥልኝ ሲለኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በመኸር አጭዳለሁ፤ በተረፈው ጊዜ የእናቴን በቅሎ ይዤ ዕቃ አመላልሳለሁ። ሰው ካናገረኝ እመልሳለሁ፤ ካላናገረኝ ዝም ብዬ እውላለሁ። እንደኔ ላለ ሰው "አንተ ታውቃለህ፣ አንተ ምረጥ" መባል ትልቅ ነገር ነው።

ገበየሁ የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ብዙ ዓመት ላሊበላ እንግዳ ሲያስጎበኝ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ደንቆሮ ጫካን፣ ጭላዳውን፣ ከታደለም ቀይ ቀበሮውን የሚያዩ የከተማ ሰዎች እያመጣ ሁለት ሁለት ሌሊት በድንኳን ሊያሳድር አስቧል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሰዎች ከደሴ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው እኛ ሰፈር ድረስ መጣና የሚፈልገውን ነገረኝ። ቦታው ሜዳ ይሁን፤ ውኃ ይቅረበው፤ ነፋስ አይምታው፤ ከጫካው አይራቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅድ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ስሰማው ቆየና ሳቀ።

"አንተ አለኸኝ፣ አፍህን ለማን አደራ ሰጥተኸው ነው? እሺ በል እንጂ።"

እሺ አልኩት።

ሦስት ቀን ዞርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከጫካው በላይ ያለውን የጓሳ ሜዳ ነበር። ለዓይን ያምራል። ግን በኅዳር እዚያ ያደረ ሰው ጠዋት ፀጉሩ ላይ አመዳይ ይዞ ይነሣል፤ እኔ ከበቅሎ ጋር አንድ ጊዜ አድሬ አይቼዋለሁ። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ከኮሶ ዛፎቹ ሥር ያለው ነው። እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ከጎኑ ምንጭ አለ፤ በሦስት በኩል ዛፍ ስለከበበው ነፋስ አያገኘውም። ከዚያ የተሻለ ቦታ በአገሩ የለም። ሳየው ወዲያው አውቄዋለሁ።

ነገር ግን ሣሩ የቅሬው ነው። ቅሬ ማለት ለቅሶና ቀብር ያስተባበረን የሰፈር ማኅበራችን ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው ያለው። ከኮሶዎቹ ሥር ያለው ሣር እስኪታጨድ ድረስ ከብትም ሰውም እንዳይገባበት በቅሬው ተከልክሏል። እዚያ ድንኳን ልትከል የሚል ሰው እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ቆሞ መጠየቅ አለበት። አርባ ሰው ፊት ማለት ነው። እኔ አርባ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህር ሲጠይቀኝ እንኳ መልሱን እያወቅኩት አንገቴን እደፋ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ፈርሂያ ናት "እሱ ያውቀዋል፣ ቲቸር" ብላ የምትመልስልኝ።

ሦስተኛው የፈርሂያ እናት የእትዬ በዛች መስክ ነው። ቤታቸው ከሰፈሩ ተነጥሎ ብቻውን ነው ያለው፤ መስኩ ከቤቱ ሥር ነው። ምንጭ አለው፤ ሦስት ጥድ አለው። ከሰፈሩ በኩል ጉብታ ስለሚጋርደው አይታይም። ከመካነ ሰላም የሚያመጣው መንገድ ያለበት አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን መስኩ እንደ መዳፍ ነው የሚታየው። እትዬ በዛች በዚያ ሳምንት የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ከላላ ወደምትባለው ከተማ ሄደው ነበር። እንግዲህ ይህን መስክ የመረጥኩት ለሜዳነቱ አይደለም፤ ለምንጩም አይደለም። የሚጠየቅ ሰው ስለሌለበት ነው።

ለገበየሁ ቦታው ተገኝቷል አልኩት። ባለቤቱ ፈቅደዋል ወይ አለኝ። ፈቅደዋል አልኩት።

አባቴ በሕይወት ሳለ የቅሬው ንብረት ያዥ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ዕቃው እኛ ቤት ቀረ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ድንኳኑ ያረጀ አረንጓዴ ሸራ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ተቀዶ በዱቄት ጆንያ ስለተጣፈ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይለያል። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ድንኳኑ ሰው ካልሞተ አይወጣም። ለሠርግ ዳስ ይጣላል እንጂ የቅሬው ድንኳን አይተከልም።

ዓረብ አገር ሰው ሲሞት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሽማግሌዎች ነው። ለቤተሰቡ አይነገርም። እናት ወሬ ሰምታ ብትጠይቅ "ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል" ትባላለች። ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ድንኳኑ ከቤቷ አጠገብ ይተከላል፤ ሰው በዝምታ ይሰበሰባል። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የኔአለም የምትባል የሰፈራችን ልጅ ጂዳ ሞታ እናቷ ጄሪካን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ከቤት ስትወጣ ድንኳኑን አየች። የተናገረ ሰው አልነበረም። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነበርኩ።

ፈርሂያ ሪያድ ከሄደች አራተኛ ዓመቷ ነው። በዚያ ኅዳር ከደወለች አምስት ወር ሆኗት ነበር። እትዬ በዛች ስለሱ ለሰው አያወሩም። ግን ስልክ የሚይዘው አፋፉ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደዚያ ሲወጡ በየቀኑ እናያቸዋለን።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሳላውቅ ያጠፋሁት ነገር የለም።

እንግዶቹ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ደረሱ። አራት ሴት፣ ሦስት ወንድ፣ ሁሉም ወጣት ናቸው። ቦታውን ወደዱት። ትንንሾቹን የመኝታ ድንኳኖች ከጥዶቹ ሥር ተከልን፤ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው፤ እንጉዳይ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ገበየሁ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጡበትንና የሚበሉበትን ትልቁን ድንኳን ሲፈልግ አጣው። ደሴ ቀርቷል። ነፋሱ ደግሞ ተነሥቷል፤ ከተሜዎቹ ከወዲሁ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ገበየሁ ወደ ዳር ጎተተኝና የመጀመሪያ ሥራው መሆኑን፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት እንዳፈረ ነገረኝ። አንድ ሸራ ቢጤ ከሰፈር አይጠፋም ወይ አለኝ።

"አለ" አልኩት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "እኔኮ አንተን ያገኘሁበት ቀን" ብሎ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው እንግዶቹ ጠሩት። ያቺ መታ መታ ናት የወሰደችኝ። እናቴና ሰፈሩ በሙሉ በታችኛው በኩል አውድማ ላይ ናቸው፤ ገብስ ይወቃል። ቤቱን ከፈትኩ፤ ድንኳኑን በቅሎዋ ላይ ጭኜ በጉብታው ኋላ አመጣሁት። ሳላመነታ ተከልኩት። ነገ ጠዋት ነቅዬ እመልሰዋለሁ፤ የሚያውቅ የለም ብዬ ነው። እትዬ በዛች ሰኞ ነው የሚመለሱት ተብሎ ነበር። ስምንቱን ካስማዎች ሳጠብቅ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ገመድ ይዛ አገዘችኝ። ይህ የተጣፈው ለምንድነው አለችኝ። ነፋስ ቀዶት ነው አልኳት። እሱ እንኳ እውነት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጩኸቱን ሰማሁ።

ከአፋፉ ነው የመጣው። መጀመሪያ አጭር ነበር፤ ሰው እሾህ ሲወጋው የሚያሰማው ዓይነት። ቀና ብዬ አየሁ። አንዲት ሴት መንገዱ ላይ ቆማለች። የያዘችውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ ረጅሙ ጩኸት መጣ። እትዬ በዛች ናቸው። እህታቸው ስለተሻላት ሁለት ቀን ቀድመው ተመልሰዋል።

የሆነው ሁሉ ወዲያው ገባኝ። ከአፋፉ እስከ መስኩ ቁልቁለቱ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ብሮጥ እኔ በአምስት ደቂቃ እደርስባቸው ነበር። "እትዬ፣ የእንግዳ ድንኳን ነው" ማለት ብቻ ነው። ወይም ሁለቱን ምሰሶ ብገፋ ሸራው ይወድቅ ነበር። ሁለቱንም አሰብኩ። ግን ከዚያ ቀድሞ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ጩኸቱን አውድማው ላይ ያሉት ሰምተው ይመጣሉ፤ ድንኳኑን ያያሉ፤ ማን አወጣው ይላሉ፤ አርባ ሰው ወደኔ ይዞራል።

ጄሪካን አነሣሁና ከድንኳኑ ኋላ ወደ ምንጩ ሄድኩ። ጄሪካኑ ሙሉ ነበር። ደፋሁት፤ ቁጭ ብዬ እንደገና ሞላሁት። ውኃው በቀስታ ሲወርድ እያየሁ ከላይ የሚመጣውን ድምፅ ሰማሁ፤ እየቀረበ ሲመጣ ቃሉ ይለይ ጀመር።

"ፈርሂያ፣ ልጄ፣ ማን አጠበሽ? በማን አገር አፈር ገባሽ?"

ስመለስ መስኩ ሰው በሰው ሆኗል። ከአውድማው የመጡት ሴቶች ገለባ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ እትዬ በዛችን ከበው ያለቅሳሉ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። መርዶ ማን አመጣው ተብሎ አይጠየቅማ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ እናቲቱ ደረቷን ትመታለች፤ ሌላ ምን ይጠየቃል? ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ አለቀሰ። እናቴም ታለቅሳለች። ወንዶቹ ወደ ድንኳኑ ገብተው በእንግዶቹ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከተሜዎቹ ሳህን በእጃቸው እንደያዙ ደንግጠው ቆመዋል፤ መነጽር ያደረገችው ልጅ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እንባዋ ይወርዳል። ገበየሁ እኔን በዓይኑ ይፈልጋል።

የቅሬው ዳኛ አያ ዓባይነህ በዱላቸው እየተደገፉ መጨረሻ ደረሱ። መጀመሪያ ሰማያዊዎቹንና ቢጫዎቹን ድንኳኖች አዩ፤ ቀጥሎ የቅሬውን፤ ቀጥሎ እኔን። ጠጋ አሉኝ። በዝግታ ነው የጠየቁኝ።

"ማን ሞተ?"

መሬት መሬቱን አየሁ።

"አንተ ልጅ፣ ማን ነው የሞተው?"

"ማንም" አልኩ።

ጥቂት አዩኝና ዱላቸውን አንሥተው ሰው ጸጥ እንዲል ጠየቁ። የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ድንኳኑ በስሕተት እንደወጣ፣ ይህ የጎብኚ ሰፈር እንደሆነ ተናገሩ። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ በዛች ግን አላቆሙም። ከመሬት ቀና ብለው አዩዋቸው።

"አያ ዓባይነህ፣ ለየኔአለም እናትም እንዲህ ብለዋታል። እኔም አብሬዎት ብያለሁ። ተሽሏታል ብያታለሁ፣ ፊቷን እያየሁ።"

አያ ዓባይነህ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። እውነት ነው፤ ለየኔአለም እናት ሁላችንም ዋሽተናል፤ ወጉ ነው። አሁን እውነቱን ስንናገር ከዚያ ውሸት የሚለይበት ምንም ምልክት አልነበረውም።

እንግዶቹ በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ገበየሁ ሲሰናበተኝ አልተቆጣም፤ ባለቤቱ ፈቅደዋል ብለኸኝ ነበር ብቻ ነው ያለኝ።

በዚያው እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። ድንኳኑን ለምን እንዳወጣሁ ተጠየቅኩ፤ ተናገርኩ። ከአፋፉ ሲጮሁ የት ነበርክ ተባልኩ። "ምንጭ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁም" አልኩ። ይህን እንዴት ሳልንተባተብ እንዳልኩት አላውቅም። ፍርዱ ልጅቷ ያለችበት እስኪታወቅ ይቆይ ተባለ።

ከዚያ ተነሥቼ መካነ ሰላም ወረድኩ። እዚያ አዩብ የሚባል ልጅ የስልክ ካርድና ቻርጀር የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ከሪያድ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች በስልክ የሚገናኙበት ቡድን ውስጥ አለ። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ። ወዲያው ድምፁን ቀርጾ ላከ፤ የእትዬ በዛችን ልጅ ያያት፣ ያለችበትን የሚያውቅ፣ ለአላህ ብላችሁ አለ። እሑድ መልስ የለም። ሰኞ የለም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እነሣ ነበር። አዩብ አንድ ጊዜ "እንዲህ ከሆንክ ባትሪው በአንተ ድንጋጤ ነው የሚያልቀው" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

እኔ እዚያ ሳለሁ እትዬ በዛች የፈርሂያን ሳጥን ከፈቱ። ትታው የሄደችውን ልብስ ሁሉ፣ ከዚያም የላከችውን፣ አንድ በአንድ እያወጡ ለሰፈሩ ልጃገረዶች ሰደቃ ብለው ሰጡ። ሰዎች አይሆንም ብለው ለምነዋቸዋል። እምቢ ማለትም ያስፈራል፤ ሐዘንተኛ የሰጠችው ነገር አይመለስም። ማክሰኞ ወደ ሰፈር ስመለስ አንዲት ልጅ ፈርሂያ ስምንተኛ ክፍል ስንጨርስ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ውኃ ስትቀዳ አየሁ። ሳታየኝ መንገዴን ቀየርኩ።

ማክሰኞ የተመለስኩት ከአዩብ ጋር በሞተር ነው። ጠዋት መልስ መጥቶ ነበር፤ የፈርሂያ ድምፅ ራሱ። በሕይወት አለች። እትዬ በዛች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አዩብ ስልኩን ከጆሯቸው አስጠግቶ ድምፁን አሰማቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ስልኩን በቀስታ ገፉት። የየኔአለም ድምፅም በእናቷ ስልክ ውስጥ እስካሁን አለ አሉ፤ ሰው ሞቶም ድምፁ ይቀራል።

አዩብ አየኝ። እኔ ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። "አፋፉ ላይ እንውጣ። እዚያ ራሷን ያናግሯታል።"

በሦስት ቀን ውስጥ እህል በአግባቡ አልቀመሱምና አቀበቱን በክንዴ ደግፌያቸው ወጣን። ክንዴ ላይ ያረፈው ክንዳቸው እንደ ጭራሮ ቀለለኝ። አፋፉ ላይ አዩብ ደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው። ሁለት ጊዜ አልተነሣም። በሦስተኛው ተነሣ።

"እማ?" አለች።

እትዬ በዛች ግራ እጃቸውን አንሥተው ትክ ብለው አዩት።

"የግራ እጄ የትኛው ጣት ነው የማይታጠፈው?" አሉ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ትንሿ" አለች ፈርሂያ። "ማጭድ ነው የቆረጠሽ። ማጭዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ እማ። ለሰው ግን ራሴ ነኝ ብለሽ ነው የነገርሽልኝ።"

እትዬ በዛች መንገዱ መሐል ቁጭ አሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ እንደገና አልሐምዱሊላህ ይላሉ። እኔና አዩብ ራቅ ብለን ቆምን፤ ሆኖም ይሰማል። ፈርሂያ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ተደብቃ ነበር የምትሠራው። ያገኘችውን የቤት ኪራይ ይጨርሰዋል። ለምን አልደወልሽም አሏት። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል ብዬ ነው አለች። ነገ ይሻላል፣ ነገ ይሻላል ስል አምስት ወር ሞላኝ አለች። ይህን ስሰማ ወደ ገደሉ ዞርኩ።

ልብሶቹ በሳምንቱ ውስጥ ታጥበውና ታጥፈው ተመለሱ። አንድ ቢጫ ሻሽ ብቻ የት እንደገባ አልታወቀም።

በሁለተኛው እሑድ ቅሬው ፈረደብኝ። ቁልፉን ተቀበሉኝ። ለአንድ ዓመት ለቅሶ ባለበት ቤት ሁሉ ውኃ እንድቀዳ ተወሰነብኝ። ቀሎ የታያቸው ነበሩ። አንዱ ተነሥቶ፣ ይህ ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ ዝም ብሎ ከሆነ ቅሬውም ይሰረዝበት፣ ሲሞትም ብቻውን ይቀበር አለ። እትዬ በዛች ከሴቶቹ መሐል ሆነው ተናገሩ።

"ምንጭ ላይ ነበርኩ ብሏል። ምንጩ ውኃው ይጮሃል፤ ከአፋፉ አይሰማም። ተዉት።"

ከእሳቸው በላይ የሚናገር ስለሌለ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሰው ሲበተን አንዳንዱ እጄን ጨበጠኝ። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት እስከ ቤታቸው ሸኘቻቸው። እኔ ከኋላ ቀረሁ።

በጥር ገበየሁ እንደገና መጣ። እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላ ስድስት ሰው አለኝ፤ ትልቁን ድንኳን ራሴ ጭኜዋለሁ አለ። ቦታውን አሁንም አንተ ምረጥ፤ ግን በዚህ ጊዜ ባለቤቱን አስፈቅደህ ቃሉን ከራሱ አፍ እሰማለሁ አለኝ። "አፍህን ካደራው መልሰህ ተቀበል" ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ በዛች ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ያበጥራሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ፈርሂያን ጠየቅኩ። በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች አሉ፤ ባዶ እጇንም ቢሆን ትደውላለች። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። መስኩን ከፈቀዱልን ድንኳኑን እንደምንተክል፣ ሰማያዊና ቢጫ ብቻ እንደሆነ፣ ቀኑንም ቀድሜ እንደምነግራቸው። ይህን መንገድ ላይ ደጋግሜ ስለው ስለመጣሁ ሳልቆም ነው የጨረስኩት።

ሰፌዱን አቆሙ።

"አለኸኝ፣ ከአፋፉ ስጮህ ሰምተኸኝ ነበር?"

ለዚህ ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ዕብቁ ከእግራቸው ሥር በነፋስ ይዞራል። ምንጭ ላይ ነበርኩ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ዝግጁ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በአርባ ሰው ፊት አጽንተውልኛል።

"ሰማሁ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባቄላውን በጣታቸው እየገላለጡ ጠጠር ለቀሙና ጣሉ።

"ቀይ ሹራብ ለብሰህ ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ቆምክ፣ ከዚያ ጄሪካን አንሥተህ ሄድክ። ከአፋፉ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ልጄ።"

"አይተውኝ ሳለ ለምን..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም።

"ብቻውን ይቀበር ሲሉ ሰማሁዋ። እኔ ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ተቀበረች ብዬ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። በሌላ እናት ልጅ ላይ ይህን አላስፈርድም።" ሰፌዱን እንደገና አነሡ። "ከኮሶዎቹ ሥር ትከሉት። እዚያ ከአፋፉ አይታይም።"

"ሣሩ የቅሬው ነው" አልኩ።

"ነገ እሑድ ነው። ቆመህ ጠይቅ። ስትጠይቅም የት እንደነበርክ ንገራቸው። ከዚያ የሚፈርዱትን እነሱ ይፍረዱ፤ እኔ አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽልህም።"

ማበጠር ቀጠሉ። ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ሄድኩ።

ወደ ቤቴ በጉብታው በኩል ይቀርበኛል። እኔ ግን በአፋፉ በኩል ወጣሁ። እሳቸው ዕቃቸውን ያስቀመጡበት ቦታ ስደርስ ቆምኩና ዞሬ አየሁ። ከወንዙ ማዶ ኮሶዎቹ ጥቅጥቅ ብለዋል፤ ሥራቸው አይታይም። መስኩ ግን ወለል ብሎ ይታያል። የቅሬው ድንኳን የቆመበት መሬት ላይ ሣሩ ተረግጦ አልተነሣም። በአረንጓዴው መሐል አራት ማዕዘን ሆኖ ቢጫ መስሏል። ነገ የምለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልሞክር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ታች ደጃፍ ላይ እትዬ በዛች ቀና ብለው ወደ አፋፉ ሲያዩ አየኋቸው።